ግንቡ የሌለበት የጎንደር ሥዕል፦ መልክዐ ምድር ብቻውን መሣል ማንን ያስቆጣል?

የቀሃ ዳር (ውይይቱን የከፈተው) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ወደ ቁስቋም የሚወጣውን ተረተር በዘይት ቀለም ሣልሁ። ሸራው 120 በ180 ሴንቲ ሜትር ነው። በሥዕሉ ላይ ግንብ የለም፣ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ እንስራ ያዘለች ሴት የለችም፤ ዝናብ ያባራለት ቁልቁለት፣ ጥቂት ባሕር ዛፍ፣ ጭቃው ገና ያልደረቀ መንገድና ከሸራው ከግማሽ በላይ የያዘ ሰማይ ነው ያለው። የፋሲል ግንብ ከኋላዬ ነበር፤ ጀርባዬን የሰጠሁት አስቤበት ነው።

ሥራውን ለአንድ ዐውደ ርእይ አቀረብሁት። መራጮቹ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እንዲያውም እጄን አመሰገኑ። ነገር ግን "ሥዕሉ ምን ይላል?" ብለው ጠየቁኝና መልሴን ሳይጠብቁ፣ ግንቡን በሩቁ ባስገባበት ወይም ቢያንስ አንድ ሰው ባቆምበት ሥራው "እንደሚሞላ" ነገሩኝ። ከመካከላቸው አንዱ መልክዐ ምድር የተማሪ መለማመጃ እንደ ሆነ፣ ለዐውደ ርእይ ግድግዳ ግን ክብደት እንደሚያንሰው አከለበት። የማመልከቻው ቅጽ ራሱ ከ"የሥራው ርእስ" ቀጥሎ "የሥራው መልእክት" የሚል ባለ አምስት መስመር ክፍት ቦታ አለው፤ እሱን መሙላት አቅቶኝ ሦስት ቀን አሳድሬዋለሁ። ለሚቀጥለው ዙር እንዳቀርበው ስለ ተፈቀደልኝ ቅጹ አሁንም እጄ ላይ ነው።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት ይህን ነው፦ ማንንም የማይሳደብ፣ ስለ ማንም የማይናገር አንድ የኮረብታ ሥዕል ስለ ምን "ይጎድለዋል" ይባላል?


ፒያሳ አሮጌው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ የቀሃ ዳር፣ ሐዘንህን ባከብርም በጥያቄህ አልስማማም። መልክዐ ምድር በከተማችን የተገፋ የሥዕል ዓይነት አይደለም። ከግንቡ በር ጀምረህ እስከ ፒያሳ ውጣ፤ ጎጆ ቤት፣ አንድ ግራር፣ ቀይ ጀንበር፣ ከበስተኋላው የሰሜን ተራራ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ዋልያ የሌለበት የስጦታ ዕቃ ሱቅ አታገኝም። ሠዓሊው በቀን ሦስት ያወጣል፤ ቱሪስቱ በሻንጣው ጠቅልሎት ይሄዳል። በዚህ መጠን የሚሸጥ ነገር ማንን ይገዳደራል? አንተን የመለሱህ ሰዎች ምናልባት ዐይናቸው በዚህ ዓይነት ሥዕል ስለ ታከተ ይሆናል፤ ስለዚህም አልፈርድባቸውም።


መምህርት ዘ-አራዳ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ሁለታችሁንም በጥሞና አነበብሁ። ታሪክ አስተምራለሁና ነገሩን ትንሽ ከሩቅ ባመጣው ይቅርታ አድርጉልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

"ግንቡን በሩቁ አስገባበት" የሚለው ምክር አዲስ አይደለም፤ በፈረንሳይ አገር ወደ ሕግነት ተጠግቶ የኖረ ነገር ነው። የንጉሡ የሥዕል አካዳሚ በ1648 ተቋቋመ፤ በ1667 አንድሬ ፌሊቢያን የተባለ የሥነ ጥበብ ጸሐፊ የሥዕል ዓይነቶችን በማዕረግ ደረደራቸው። ፍራፍሬና አበባ የሚሥል ከታች፣ መልክዐ ምድር የሚሥል ከእርሱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከዚያ እንስሳ፣ ከዚያ የሰው መልክ፣ ከሁሉም በላይ የታሪክና የሃይማኖት ታላላቅ ድርጊቶችን የሚሥል ተቀመጡ። ምክንያቱም ለእርሱ ግልጽ ነበር፤ በምድር ላይ ከእግዚአብሔር ሥራዎች ሁሉ ፍጹሙ ሰው ነውና ሰውን የሚሥል ሌላውን ከሚሥል ይበልጣል ነው የሚለው። ስለዚህም ሜዳና ወንዝ የሚሥል ሰው ስድብ ሳይናገር፣ በመሣሉ ብቻ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ እንደ መረጠ ይቆጠርበት ነበር።

አካዳሚው ከብዙ ጊዜ በኋላ በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ። አሸናፊውን በመንግሥት ወጪ ሮም ልኮ የሚያስተምረው ትልቁ ሽልማት ከ1817 ጀምሮ በየአራት ዓመቱ ለመልክዐ ምድርም ይሰጥ ጀመር። ይሁን እንጂ ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ ምድሩ "ታሪካዊ" መሆን አለበት፣ ማለትም ከዛፎቹ ሥር ከጥንታዊ ተረት ወይም ከመጽሐፍ የተወሰዱ ትናንሽ ሰዎች መቆም አለባቸው። እንግዲህ የቀሃ ዳር የተሰጣቸውን ምክር ከዚህ ጋር አስተያዩት። ኮረብታው ይፈቀዳል፤ ብቻ ከጀግና ጋር ይምጣ። ያ ሽልማት በ1863 ቀረ።

ፒያሳ አሮጌው ላነሡት ሐሳብ ደግሞ እንግሊዛዊውን ሠዓሊ ጆን ኮንስታብልን ማስታወስ እወዳለሁ። በእንግሊዝ አገርም ትንንሽ የመልክዐ ምድር ሥዕል እንደ ልብ ይሸጥ ነበር፤ በሳሎን ግድግዳ ላይ ማንንም አያስቸግርም። ኮንስታብል ያደረገው ነገር ሸራውን ማስፋት ነው። በ1821 ያሳየው፣ ዛሬ "የድርቆሽ ጋሪ" እየተባለ የሚታወቀው ሥራ 130 በ185 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለነገሥታት ውጊያና ለቅዱሳን ተጋድሎ የተለመደውን ስፋት ወስዶ፣ ወንዝ ውስጥ የቆመ ባዶ ጋሪ ሣለበት። ርእሱንም ያን ጊዜ "መልክዐ ምድር፦ ቀትር" ብሎ ነበር ያቀረበው፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የነገራቸው። ለንደን ላይ ገዥ አላገኘም። በ1824 ፓሪስ ላይ ሲታይ ግን የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። የገዛ አገሩ አካዳሚ ሙሉ አባል አድርጎ የመረጠው በ1829፣ በ52 ዓመቱ፣ ያውም በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ ፒያሳ አሮጌው፣ የሱቁ ሥዕልና የቀሃ ዳር ሥዕል ርእሳቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው አንድ አይደለም። የሱቁ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በነገራችን ላይ፣ የቀሃ ዳር፣ የእርስዎ ሸራ ከኮንስታብል ሸራ በስንዝር እንኳ አይለይም፤ አውቀውት ነው?


የቀሃ ዳር | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡15

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አላወቅሁትም። እውነቱን ለመናገር ስፋቱን የወሰነው እንጨት ሠሪው ነው፤ በእጁ የነበረው ጣውላ ለዚያ ልክ ነበር የሚበቃው። ሥዕሉን ከጀመርሁ በኋላ ግን ላሳንሰው አልቻልሁም። በትንሽ ወረቀት ላይ ስነድፈው ኮረብታው "ቆንጆ" ይሆንብኝ ነበር፤ በሰፊው ሸራ ላይ ግን ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚከራከረኝ ይመስለኛል።


የመሪጌታ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

የመምህርትን ጽሑፍ ሳነብ የገረመኝ የፌሊቢያን ምክንያት ነው። ያንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ በአባቴ ቤት ሰምቼው አድጌአለሁ። አባቴ ቅኔም ሥዕልም የተማሩ ሰው ነበሩ፤ "ሥዕል ለመልክ ነው፤ መልክም የቅዱሳን ነው" ይሉ ነበር። በእኛ ሥርዐት ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ ሁለት ዐይኑ እየታየ ይሣላል፤ ኃጥእ ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዐይኑ ብቻ ይታያል። ዐይን የሌለው ኮረብታ ታዲያ ከየትኛው ወገን ይቆማል?

አንድ ነገር ግን ላስታውስ እፈልጋለሁ፤ የጎንደር ሠዓሊዎች መልክዐ ምድር መኖሩን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም የተዉት። በ1591 በአውሮፓ አቆጣጠር ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ፣ ሥዕል ያለበት ወንጌል ወደዚህ አገር ደርሶ ለመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል እንደ አብነት አገልግሏል። በዚያ መጽሐፍ ሥዕሎች ላይ ከሰዎቹ በስተኋላ ዛፍ፣ ኮረብታና ከተማ አለ። የእኛ ሠዓሊ ሰዎቹን፣ አቋቋማቸውንና የእጃቸውን ምልክት ወስዶ፣ ከኋላ ያለውን ነገር አብዛኛውን አስቀርቶ ቦታውን በቀለም ሞላው። በኋላም በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በሠለጠነው በሁለተኛው የጎንደር አሣሣል፣ ከቅዱሳኑ በስተጀርባ ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ የሚሄድ ሰፊ የቀለም እርከን ታያላችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ያንን የመስከረም ሜዳ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ግን "የትም አይደለም" አሉኝ። ቅዱሱ የሚቆመው በቀሃ ወይም በአንገረብ ስላልሆነ፣ ሠዓሊው ቦታውን አውቆ ነው ያጠፋው።

ተራራ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚገባው ሥራ ሲኖረው ነው። አቡነ አረጋዊ በዘንዶው ጅራት ይወጡ ዘንድ ደብረ ዳሞ ይሣላል፤ ከወጡ በኋላ ተራራው አያስፈልግም። እንግዲህ የቀሃ ዳር ሆይ፣ የአንተ ኮረብታ ማንንም የማያወጣ ኮረብታ ነው። መራጮቹ ምናልባት ራሳቸው ሳያውቁት የአባቴን ጥያቄ ጠይቀውሃል። እኔ የአባቴ ልጅ ብሆንም መልሱን ከሸራው ላይ ለማየት እጓጓለሁ።


አዘዞ 17 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

እባካችሁ ቀጥሎ የሚጽፈው ሰው ሰምና ወርቅ የሚለውን እንዳያመጣብን። ኮረብታው ኮረብታ ይሁን።


ጡረተኛው ሠዓሊ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ልጆቼ፣ በስልክ መጻፍ ያደክመኛል፤ ቢሆንም ይህን ሳልናገር ብቀር ያንገበግበኛል።

በደርግ ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት በሠዓሊነት ተቀጥሬ ነበር። ለመስከረም 2 በዓል የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ራስ በአቡጀዲ ላይ አሳድገን እንሥል ነበር፤ የማርክስ ጢም ብቻ አንድ ባልዲ ቀለም ይጨርስ እንደ ነበር ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ትልቁ ሥዕል ታጋዩ፣ ሠርቶ አደሩና አራሹ ነበሩ፤ መዶሻ፣ ማጭድ፣ ወደ ላይ የተወረወረ ክንድ። እኔ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ አንገረብ ወርጄ በካርቶን ላይ ገደሉን እሥል ነበር። ተቃውሞ ብዬ አልነበረም፤ የሰው ክንድ መሣል ሰልችቶኝ ነው።

ከእነዚያ አንዱን አስፍቼ ለመሥሪያ ቤቱ ዐውደ ርእይ አቀረብሁት። ኃላፊው አየውና "ሰፊው ሕዝብ የት አለ?" አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። በማግስቱ ገደሉ ሥር፣ በስተቀኝ ማዕዘን፣ አንዲት ቀይ ትራክተር ሣልሁበትና ሥዕሉ አለፈ። በዚያ ገደል ትራክተር መውረድ እንደማይችል ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

መንግሥት ሲለወጥ ሥዕሉን መልሼ አገኘሁትና ትራክተሯን በአረንጓዴ ሸፈንኋት። ቀይ ቀለም ግን ክፉ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ከሥር እየገፋ መጣ። አሁን ቤቴ ተሰቅሏል። የሚያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ካየው ጎማዋ ይታየዋል።

ልጄ የቀሃ ዳር፣ ግንቡን አስገባ ሲሉህ ይህን አስብ። ማስገባቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው።


የቀሃ ዳር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡00

ጋሼ፣ የሚሰነዝሩት ምክር ሁሉ ይድረሰኝ። ከፈቀዱልኝ ያንን ሥዕል መጥቼ ላየው እፈልጋለሁ።


ማራኪ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

መምህርት የጻፉት በአውሮፓ ላይ ስለ ቆመ ከሌላ አቅጣጫ አንድ ነገር ልጨምር። ቻይና አገር ተምሬ ነው የመጣሁት። በዚያ አገር ማዕረጉ ተገልብጦ ነው የሚገኘው፤ መልክዐ ምድር ከሥዕል ሁሉ ከፍተኛው ነው፤ ስሙም "ሻንሹይ"፣ ማለትም "ተራራና ውሃ" ይባላል። ጉዎ ሺ የተባለው የቤተ መንግሥት ሠዓሊ በ1072 በአውሮፓ አቆጣጠር "የጸደይ መባቻ" የተባለውን ታላቅ ሥራውን ሲሠራ ተራራን የሣለው ከደረጃው ለመውረድ አልነበረም፤ በደረጃው አናት ላይ ሆኖ ነው። እንግዲህ በመልክዐ ምድር ውስጥ በተፈጥሮው የተቀመጠ ተቃውሞ የለም ማለት ነው፤ ከምን ፊት እንደ ቆመ ይወስነዋል።

ሆኖም እዚያም ቢሆን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ሞንጎሎች አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ በአዲሱ ቤተ መንግሥት ሹመት ያልፈለጉ ወይም ያላገኙ ሊቃውንት ወደ ተራራና ውሃ ሥዕል አዘነበሉ። በ14ኛው መቶ ዓመት የኖረው ኒ ዛን የሚሥለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ይቻላል፦ ከፊት ጥቂት ቀጫጭን ዛፎች፣ አንዳንዴ ባዶ ጎጆ፣ በመካከል ውሃ፣ በማዶ ዝቅ ያለ ኮረብታ። ሰው የለም። በቤተ መንግሥቱ ላይ አንድም ቃል አልጻፈበትም፤ ጎጆው ባዶ መሆኑ ግን ለሚያነብ ሰው በቂ ነበር።


ፒያሳ አሮጌው | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡45

ሐሳቤን በከፊል እለውጣለሁ፤ በከፊል ግን እጸናለሁ።

የምለውጠው፣ የሱቁን ሥዕልና ይህን አንድ ማድረጌን ነው። የጋሼን ትራክተር ካነበብሁ በኋላ የሱቁን ሥዕል እንደ ገና ተመለከትሁት፤ ዋልያው ትራክተሯ ነው። ገዥው "ይህ ኢትዮጵያ ነው" ብሎ እንዲያምን ነው የገባው። ከዋልያው ጀርባ ያለው ተራራ የትኛውም ተራራ ሊሆን ይችላል፤ ሠዓሊው ምናልባት ሰሜንን ረግጦት አያውቅም።

የምጸናበት ግን ይህ ነው። ስለ አካዳሚ የምታወሩት በእኛ አገር ያልነበረውን አካዳሚ እንደ ነበረን አድርጋችሁ ነው። በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950 ዓ.ም. ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሠዓሊዎቹ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ከውጭ ተመልሰው አስተማሩበት። ማለትም ሌላው ዓለም ሁለት መቶ ዓመት የተጣላበትን ማዕረግ እኛ በአንድ ትውልድ ውስጥ ዘለን አልፈነዋል፤ ከቅዱሳን መልክ በቀጥታ ወደ ረቂቁ (አብስትራክት) ሥዕል። መልክዐ ምድር በመካከል የራሱን ዘመን አላገኘም። እንግዲህ ዛሬ የቀሃ ዳርን የመለሰው ማን ነው? የፌሊቢያን ልጅ አይደለም። "ሐሳቡን አስረዳን፣ መልእክቱን ጻፍልን" የሚለው አዲሱ ልማድ ነው። ለዚህ ልማድ ኮረብታ የሚያስቸግረው ከሰው ስለሚያንስ አይመስለኝም፤ በአምስት መስመር ስለማይነገር ነው።


መምህርት ዘ-አራዳ | ሐሙስ፣ ቀን 8፡10

ይህ ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ወደ ነገሩ የቀረበ ነው፤ እቀበለዋለሁ። አንዲት እርማት ብቻ፦ "ዘለን አልፈነዋል" ያሉት የትምህርት ቤቱን ታሪክ ከሆነ እስማማለሁ፤ ሠዓሊዎቹ እያንዳንዳቸው ግን ኮረብታ ሣሉ፣ ጋሼም በካርቶን ላይ ሣሉ። ያልተሰጠው ግድግዳው ነው።

ስለ ግድግዳ ካነሣን ዘንዳ ፈረንሳዊውን የመልክዐ ምድር ሠዓሊ ቴዎዶር ሩሶን አንርሳ። የፓሪስ መራጮች ከ1836 እስከ 1841 ድረስ ሥራዎቹን ደጋግመው ስለ መለሱበት "ታላቁ ተመላሽ" የሚል ስም ወጣለት። ባርቢዞን በምትባል መንደር ተቀምጦ የፎንቴንብሎን ደን ዛፎች እንደ ሰው መልክ አንድ በአንድ ይሥል ነበር። ዛፎቹ ሲቆረጡ እርሱና ጓደኞቹ ለመንግሥት አቤት አሉ፤ በ1861 ከ1000 ሄክታር የሚበልጥ ደን ለሠዓሊዎች ሲባል እንዳይቆረጥ ተከለለ። መራጮቹ ግድግዳ ላይ ያልሰቀሉትን ዛፍ መንግሥት በሥሩ እንዳለ ጠበቀው።


የመሪጌታ ልጅ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12፡50

መምህርት፣ በእኛ አገር ያንን ሥራ ታቦቱ ነው የሠራው። በዙሪያችን ካሉት ኮረብታዎች አገር በቀል ዛፍ የቀረው አብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ የቀረው ባሕር ዛፍ ነው። የቀሃ ዳር ባሕር ዛፉን መሣሉ ስለዚህ ደስ ይለኛል። ለቅዱሳን የሚሆን ዛፍ አይደለም፤ ግን ያለው እርሱ ነው። ቀለሙን እንዴት አገኘኸው? የባሕር ዛፍ አረንጓዴ ከሐምሌ ሣር አረንጓዴ ጋር ሲቀመጥ እንደሚጣላ አውቃለሁ።


የቀሃ ዳር | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡30

ይጣላል። ከቱቦ የሚወጣውን አረንጓዴ ሁለቱንም አልነካሁትም። ሣሩን ከቢጫና ከጥቂት ሰማያዊ ቀላቅዬ ሠራሁት፤ ባሕር ዛፉን ግን ከጥቁርና ከቢጫ ነው ያወጣሁት፣ በላዩ ላይ ነጭ በስሱ አስኬድሁበት። ጥቁርና ቢጫ ሲገናኙ የሚሰጡት አመዳም አረንጓዴ ልክ ከዝናብ በኋላ ያለውን ቅጠል ይመስላል። መንገዱ ላይ ያለው ውሃ ነው ያስቸገረኝ። ሰማዩን ይመልሳል ብዬ ሰማያዊ ባደርገው ውሸት ሆነብኝ፤ የቀሃ ጭቃ ሰማዩን ቡናማ አድርጎ ነው የሚመልሰው።

ትናንት ማታ ጋሼ ቤት ሄጄ የአንገረብን ሥዕል አየሁ። ጎማዋን ካላሳዩኝ አላያትም ነበር፤ ካየሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ማየት አቃተኝ።

ቅጹን ዛሬ ሞላሁ። ርእስ በሚለው ላይ "ቀሃ፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት" ብያለሁ፤ ሰዓቱን መጻፍ ከመምህርት የተማርሁት ነው። የመልእክቱን አምስት መስመር ባዶ ትቼዋለሁ። ነገ ጠዋት አስገባዋለሁ።


ፒያሳ አሮጌው | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡41

ባዶ ከተውኸው መዝገብ ቤት "ያልተሟላ" ብሎ ይመልሰዋል፤ መራጮቹ ዘንድ እንኳ አይደርስም። "ከላይ በርእሱ እንደ ተገለጸው" ብለህ ጻፍበት። እኔ የማንኛውንም መሥሪያ ቤት ቅጽ እንደዚያ ነው የምሞላው፤ እስከ ዛሬ ተመልሶብኝ አያውቅም።